በአያቴ ሣጥን ውስጥ የነበረው ካሴት

ሰው የሚያልፍ ፍጡር ስለ ሆነ ከእርሱ በኋላ የሚቀር አንድ ነገር ለማኖር ሲደክም ይኖራል። አንዱ ያየውን ለልጁ በቃል ያወርሳል፤ አንዱ በብራና ይጽፋል፤ ሌላው በድንጋይ ላይ ይቀርጻል። በወላጆቻችን ዘመን ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚያገለግል አንድ አዲስ ዕቃ ወደየቤታችን ገባ፤ ይኸውም የቪዲዮ ካሴት ነው። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ የምረቃው በዓልና ከባሕር ማዶ የሚላከው ሰላምታ ሁሉ በዚህ ጥቁር ዕቃ ውስጥ ተቀመጠ። ዛሬ ግን ካሴቱ በብዙ ቤት ሲገኝ የሚያጫውተው ዴክ አይገኝም። ዴኩ ተበላሽቷል፣ ተሽጧል፣ ወይም የልጆች መጫወቻ ሆኖ ተፈታትቷል። ካሴቱም በቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣሁት በቤተ ሰባችን ውስጥ ከደረሰው የተነሣ ነው። የኛ ነገር የብዙ ቤት ነገር ይመስለኛል። ስለዚህ ያየሁትንና የተማርሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ማለት አጎቴ፣ በ1980 ዓ.ም. በሃያ አምስት ዓመታቸው ከደሴ ወጥተው በሱዳን በኩል ተሰደዱ። ያ ዘመን የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ስለ ነበረ ብዙ ወጣቶች እንዲሁ ይሄዱ ነበር። የሄዱት በሌሊት ነው። ለአባቴም ሆነ ለአያቴ አልተናገሩም። ጠዋት አያቴ ቡና አፍልተው ሲጠሯቸው አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከካርቱም አንዲት ደብዳቤ መጣች፤ ከዚያም ከአሜሪካ ሌሎች ደብዳቤዎች ተከተሉ። ሆኖም አያቴ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈልጉ ኖሩ፤ ይኸውም ልጃቸው ሳይሰናበቷቸው የሄዱበትን ምክንያት ነው። ስለዚያች ሌሊት የሚናገር ደብዳቤ ግን አንድም አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣ አንድ የሰፈር ሰው የቪዲዮ ካሴት ይዞ መጣ። አጎቴ ራሳቸውን አስቀርጸው ለእናታቸው የላኩት ነው። በዚያን ጊዜ ሸዋ በር አካባቢ ዴክ ያለው ቤት ጥቂት ስለ ነበረ አያቴና ጎረቤቶቻቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ካሴቱን ይዘው ወደ አንድ ባለጸጋ ቤት ሄዱ። ዴኩ ካሴቱን ዋጠ። ቴሌቪዥኑም ላይ ሥዕል ታየ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ቀለም የለውም፣ ከላይ ወደ ታች እየተንከባለለ ይበጣጠሳል፤ ድምፁም እየወፈረና እየተጎተተ የሚያቃስት ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። አባቴ በዚያ ቀን ልጅ ሆነው አብረው ስለ ነበሩ እንደ ነገሩኝ፣ አያቴ በሁለት እጃቸው ጆሮአቸውን ይዘው፣ «ይህ የልጄ ድምፅ አይደለም፤ ዝጉት!» ብለው ተነሡ። ካሴቱ ወጣ። የቤቱም ጌታ፣ «ይህ የአሜሪካ ካሴት ነው፤ ለኛ ዴክ አይሆንም» አሏቸው።

እኒያ ሰው የተናገሩት እውነት ነው። ምክንያቱን ግን በዚያ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ አላወቀውም ነበርና እዚህ ላይ ልግለጸው። ቪ.ኤች.ኤስ. የሚባለው የካሴት ዓይነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በጃፓን አገር ለሽያጭ ወጣ። ካሴቱ ከውጭ ሲታይ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ስፋቱ 12.7 ሚሊሜትር የሆነ ክር በውስጡ ተጠቅልሎበታል። በክሩ ላይ ሥዕሉ የሚጻፍበት ሥርዓት ግን እንደየአገሩ ይለያያል። የኤሌክትሪክ ኃይል በኛ አገርና በአውሮፓ በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ ደግሞ 60 ጊዜ ይመላለሳል። የቴሌቪዥን ሥርዓቶችም ሲወጠኑ ይህን ተከትለው ስለ ተሠሩ፣ ፓል የተባለውና እኛ የምንጠቀምበት ሥርዓት በሴኮንድ 25 ሥዕል፣ እያንዳንዱንም በ625 መሥመር ያሳያል። ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የተባለው የአሜሪካ ሥርዓት ግን በሴኮንድ ወደ 30 የሚጠጋ ሥዕል በ525 መሥመር ያሳያል። ክሩ የሚሄድበትም ፍጥነት እኩል አይደለም፤ በኛ ሥርዓት በሴኮንድ 2.3 ሳንቲሜትር ያህል ሲሄድ በአሜሪካው 3.3 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ በፈጣን የተቀዳው በዝግታ ሲጫወት ድምፁ መጎተቱና መወፈሩ ምን ያስደንቃል? የአጎቴ ድምፅ አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው የመሣሪያው ሥርዓት ነበር።

አያቴ ካሴቱን በነጠላ ጠቅልለው ከሣጥናቸው ሥር አኖሩት። «ሲመጣ ራሱ ያሳየኛል» ይሉ ነበር። አጎቴ ግን አልመጡም። በ1990 ዓ.ም. በባዕድ አገር ታመው ዐረፉ። መርዶው ሲመጣ ለቅሶ ተደረገ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ተዝካር ወጣ፤ ስለ ካሴቱ ግን ማንም አላነሣም። አያቴም ዳግመኛ አላወጡትም። ነገር ግን አልጣሉትም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስና የከተማው ሰው በእግሩና በመኪናው ሲሸሽ፣ አያቴ ብዙ ዕቃ ትተው ሲወጡ ያን ካሴት ግን ከእንጀራው ጋር በቋጠሮአቸው ይዘው ወጥተው ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ስለ ነበርሁ ቋጠሮው ውስጥ ያለው ጥቁር ዕቃ ምን እንደ ሆነ መንገድ ላይ ጠየቅኋቸው። «የአጎትህ አፍ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ያ መልስ ከልቤ አልወጣም። አምና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ስለ ኮምፒዩተር በተማርነው ትምህርት መምህራችን የአሮጌ ካሴት ሥዕልና ድምፅ ወደ ዲጂታል ሊለወጥ እንደሚችል ነገሩን። እኔም ወደ ቤት ሄጄ ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ ግን ደስ አላላቸውም። «ያለቀ ኀዘን ለምን ይቀሰቀሳል? እናቴ 84 ዓመታቸው ነው። የሞተ ልጃቸው ሲናገር ቢያዩ ምን ይሆናሉ? ደግሞስ ካሴቱ ተበላሽቶ ቢገኝ ሁለተኛ መርዶ አይሆንባቸውም?» አሉኝ።

አባቴ የተናገሩት ቀላል ነገር አይደለም። በሰው ኀዘን ላይ መሣሪያ ይዞ መግባት ድፍረት ነው። ስለሆነም ብዙ ቀን ዝም አልሁ። በመጨረሻ ግን ካሴቱ የተላከው ለአያቴ እንጂ ለአባቴም ለእኔም ስላልሆነ ባለቤቷ ትጠየቅ ብለን ተስማማን። አባቴ ራሳቸው አንድ እሑድ ቡና ሲፈላ ነገሩን አነሡ። አያቴ ስኒያቸውን ይዘው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ደብዳቤ የተላከለት ሰው ሳያስነብብ ይሞታል እንዴ? ዐይኔ ሳይጠፋ አሳዩኝ» አሉ። ዐይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለ ነበረ ይህ አነጋገር ሁላችንንም ነካን። ከሣጥናቸውም አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ካሴቱን በመስኮቱ በኩል ስመለከተው በክሩ ጥቅል ጠርዝ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር አየሁ። ሻጋታ ነበር። ደሴ ደጋና ጉም የማይለያት ከተማ ስለ ሆነች፣ በክረምት እርጥበቱ ወደ ሣጥን ውስጥ ይዘልቃል። የካሴት ክር ማለት ሥሥ ፕላስቲክ ሆኖ በላዩ ላይ የብረት ዝገት የመሰለ ደቃቅ ማግኔታዊ ዱቄት በማጣበቂያ የተለቀለቀበት ነው። ሥዕሉና ድምፁ የተጻፈው በዚያ ዱቄት ላይ ነው። ማጣበቂያው ከአየር እርጥበት እየጠጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ይላላል፤ ዱቄቱም ይረግፋል። ሻጋታ ከያዘው ደግሞ ላዩን ይበላዋል። በዚህ ላይ የተበላሸ ክር በዴክ ውስጥ ሲሽከረከር ራሱም ይቀደዳል፤ የዴኩንም ሄድ ያቆሽሻል፤ ሻጋታውም ወደ ሌላ ካሴት ይተላለፋል። ይህን መምህሬ አስቀድመው ስለ ነገሩኝ ካሴቱን በማንም ሰው ዴክ ውስጥ ሳላስገባ ክረምቱን ጠበቅሁ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአባቴ ጋር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን። በመርካቶ ውስጥ አሮጌ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰምተን ነበርና ጠይቀን አገኘናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ሆኖ ከወለሉ እስከ ጣራው በዴክ ተሞልቷል። ከእነዚያ መካከል የፓልንም የአሜሪካንም ሥርዓት የሚያጫውት አንድ ዴክ አለ። «ጋሼ፣ ይህ እንደ እርስዎ ዕቃ ነው፤ የአያቴ ነው» ብዬ ካሴቱን ስሰጣቸው መነጽራቸውን አድርገው በመብራት አዩትና፣ «ልጄ፣ ይህን ወደ ዴክ አናስገባውም፤ መጀመሪያ ይታከማል» አሉኝ።

ሕክምናው እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ ካሴቱን በደረቅ ቦታ ሦስት ቀን አኖሩት፤ ሻጋታው ሲደርቅ ይራገፋልና። ከዚያ አፋቸውንና አፍንጫቸውን በጭምብል ሸፍነው ከካሴቱ ሥር ያሉትን አምስት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈቱ። ሁለቱን ጥቅሎች አንሥተው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ክሩን በዝግታ እያጠነጠኑ ጠረጉት። አሮጌውን ልባስ ጥለው ጥቅሎቹን ከሌላ ባዶ ካሴት በተወሰደ ንጹሕ ልባስ ውስጥ ከተቱ። የዴኩንም ሄድ በአልኮል አጸዱ። ይህ ሄድ የተባለው ነገር 62 ሚሊሜትር ስፋት ባለው እንደ ከበሮ ባለ ክብ ብረት ላይ የተተከለ ነው፤ ከበሮው በፓል ሥርዓት በደቂቃ 1500 ጊዜ፣ በአሜሪካው 1800 ጊዜ ያህል እየተሽከረከረ ክሩን ያነባል። በዚህ ፍጥነት ላይ አንዲት የሻጋታ ቅንጣት ምን ያህል ጉዳት እንደምታደርስ መገመት አያስቸግርም። ሽማግሌውም፣ «ይህ ክር ምናልባት የሚሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስናጫውተው በዚያው እንቅዳው፤ ለማየት ብለን አንሞክረው» አሉ።

መቅዳቱም ቢሆን ድካም አለው እንጂ ምሥጢር የለውም። ከዴኩ ኋላ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ፤ ቢጫው የሥዕል፣ ነጩና ቀዩ የድምፅ ናቸው። ከእነዚህ የሚወጣው ገመድ ወደ አንዲት ትንሽ መቀበያ ይገባል፤ መቀበያዋም በሌላ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ትያያዛለች። የመቀበያዋ ሥራ ከክሩ የሚመጣውን እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ምልክት በየቅጽበቱ እየለካ ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። ዲጂታል ማለትም ይኸው ነው፤ ሥዕሉና ድምፁ ቁጥር ሆኖ ይጻፋል። በክር ላይ ያለው ግን ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ቁጥር የሆነው ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ እንደ መጀመሪያው ነው። ጊዜን በተመለከተ ምንም ማሳጠር አይቻልም። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት፣ የሦስት ሰዓት ካሴት ለመቅዳት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ዲቪ በተባለው ዓይነት ቢቀዳ አንዱ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል።

መቅዳት ጀመርን። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ጆሮአቸውን ወደ ዴኩ አድርገው ተቀመጡ። 31ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ኮምፒዩተሩ በባትሪው ሲቀጥል ዴኩ ግን ክሩን በከበሮው ላይ እንደ ጠመጠመ ቆመ። አባቴ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ፤ እኔ ከወንበሬ አልተነቃነቅሁም። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ሽማግሌው ዴኩን ክዳኑን ከፍተው ክሩን በጣታቸው ቀስ ብለው አላቀቁትና ጥቂት ወደ ኋላ መልሰው ቀጠሉ። በዚህ ዓይነት የተቀዳው ሁሉ 47 ደቂቃ ሆነ።

አሁን ስለ ጉዳቱ ልናገር። የክሩ መጀመሪያ ከጥቅሉ ውጭ በኩል ስለ ነበረ ሻጋታው አብዝቶ የበላው እርሱን ነው። የመጀመሪያው ስድስት ደቂቃ ነጭ ነጠብጣብና ፍሽፍሽታ ብቻ ሆነ። በመካከሉ የአንድ ሰው ትከሻና የመስኮት መጋረጃ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ከድምፁም «እምዬ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። ሽማግሌው ክሩን በመብራት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ዱቄቱ ከላዩ ተነሥቷል፤ የሌለ ነገር አይነበብም። ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት መጥቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር ይሆናል» አሉ።

ከሰባተኛው ደቂቃ ጀምሮ ግን አጎቴ ተገለጡ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው። ቀጠን ያሉ፣ ግንባራቸው ሰፊ፣ ሲስቁ እንደ አባቴ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰው ናቸው። የተናገሩት ታላቅ ነገር አይደለም። የሚኖሩባትን አንዲት ክፍል አሳዩ። በመስኮት በኩል በረዶውን አሳይተው፣ «ይኸውልሽ፣ ጥጥ እንዳይመስልሽ፤ ይቀዘቅዛል» አሉ። ሽሮ ሠርተው ከድስቱ ጋር ወደ መቅረጫው አቅርበው፣ «በርበሬው የላክሽልኝ ነው» አሉ። የሰፈሩን ሰው በየስሙ እየጠሩ ሰላም አሉ። አባቴንም በቅጽል ስማቸው ጠርተው፣ «ትምህርትህን ብትተው መጥቼ እቀጣሃለሁ» አሉ። በዚህ ጊዜ አባቴ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ።

ወደ መጨረሻው አካባቢ አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉ። «እምዬ፣ ስለዚያች ሌሊት መጀመሪያ ላይ ነግሬሻለሁ፤ ደግሜ ብናገረው ሆዴ ስለማይችል አልደግመውም። ምርቃትሽን ግን ላኪልኝ።»

እኔና አባቴ ተያየን። አያቴ ዓመታት ሙሉ ሲፈልጉት የነበረው ነገር በጠፋው ስድስት ደቂቃ ውስጥ ነበር።

ወደ ደሴ ስንመለስ በመንገድ ሁሉ አባቴና እኔ የተነጋገርነው ስለዚህ ነው። አባቴ ያን አንቀጽ ቆርጠን ብናሳያቸውስ ብለው ነበር። ነገር ግን የሰውን ቃል ቆርጦ መስጠት ሻጋታው ከሠራው ሥራ በምን ይለያል? በመጨረሻ አባቴም፣ «እንዳለ ይታይ» አሉ።

አያቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠጋ ብለው አዩ። ማንም ሰው እንዲያስነሣቸው አልፈለጉም፤ አላለቀሱምም። ድምፁ እንደ ጀመረ፣ «ይህ ነው! ይህ የልጄ ድምፅ ነው፤ አባቱን መስሏል» አሉ። በረዶውን ሲያዩ፣ «ጋቢ አልለበሰም እኮ» ብለው ተቆጡ። ያ «መጀመሪያ ላይ ነግሬሻለሁ» የሚለው ቃል ሲደርስ አባቴ የጠፋውን ክፍል ነገር አስረዷቸው። አያቴ ብዙ ቆይተው እንዲህ አሉ። «ነግሮኛል ካለ ነግሮኛል። እኔ የምፈልገው ምክንያቱን መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምፈልገው ልነግራት ይገባኛል ማለቱን ኖሯል።» ከዚያም ተነሥተው በቆሙበት ምርቃታቸውን ሰጡ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የደረሰ ምርቃት ቢሆንም እንዳልዘገየ ሆኖ ነበር የተሰማኝ።

አያቴ በዚህ ረኩ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያን ስድስት ደቂቃ አስባለሁ። እርሳቸው በትዕግሥታቸው ያሸነፉትን ነገር እኛ እንደ ትንሽ ጉዳት ልንቆጥረው አይገባም። በኛ ቤት የጠፋው ስድስት ደቂቃ ነው፤ በሌላው ቤት ግን ሙሉው ካሴት እየጠፋ ይሆናል።

ጊዜውም በእጅጉ አጥሯል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ እስከ 2025 ዓ.ም. ያልተገለበጠ ክር ለሁልጊዜው ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ዩኔስኮም በ2019 ዓ.ም. ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ለዓለም አሰማ። ያ ዓመት ዛሬ ደርሶ አልፏል። ምክንያታቸው የክሩ ማርጀት ብቻ ሳይሆን የመሣሪያውም መጥፋት ነው። ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በዚሁ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ዴክ መሥራቱን ካቆመ ወዲህ በዓለም ላይ ያሉት ዴኮች ቀድሞ የተሠሩት ብቻ ናቸው። መለዋወጫቸውም ጠጋኛቸውም በየዓመቱ ይቀንሳል። የመርካቶው ሽማግሌ ሙያቸውን የሚወርስላቸው ልጅ እንደሌለ ነግረውናል።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ዲጂታል ከሆነ በኋላስ ለዘላለም ይኖራልን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ አይኖርም ነው። ፍላሽ ይበላሻል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ሃርድ ዲስክ ይቃጠላል። በገዳሞቻችን ያሉት የብራና መጻሕፍት ብዙ መቶ ዓመት የኖሩት ብራና ጠንካራ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ጸሓፊዎች ሳይሰለቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለ ገለበጧቸውም ጭምር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮም በኢትዮጵያ የሚገኙ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ ቅጂአቸው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ተደርጓል። እነዚያም ማይክሮፊልሞች በተራቸው ወደ ዲጂታል ተለውጠዋል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ማኖር ማለት አንድ ጊዜ አስቀምጦ መርሳት ሳይሆን በየዘመኑ መገልበጥ ነው። እኛም የአጎቴን ካሴት በሦስት ቦታ አኖርነው፤ አንዱ በቤታችን፣ አንዱ በአክስቴ ቤት አዲስ አበባ፣ አንዱም በኢንተርኔት ማኅደር። አሮጌውንም ካሴት አልጣልነውም፤ አያቴ በነጠላቸው ጠቅልለው መልሰው ሣጥናቸው ውስጥ ከተውታል።

ሌላም የተማርሁት ነገር አለ። ከአጎቴ ካሴት ጋር የወላጆቼን የሠርግ ካሴት አስቀድተን ነበር። ስናየው በድንኳኑ ውስጥ ከሚጨፍሩት ሰዎች ግማሾቹን እኔ አላውቃቸውም። ኮምፒዩተሩ የሰውየውን ፊት አጥርቶ ያሳያል፤ ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ አያቴን ከጎኔ አስቀምጬ ሥዕሉን እያስቆምሁ እጠይቃቸዋለሁ፤ እርሳቸው ይነግሩኛል፤ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። «ይህች የእናትህ ሚዜ ናት። ያ ረጅሙ ሰው የዕድራችን ዳኛ ነበሩ። ያቺ ልጅ ደግሞ ዓረብ አገር ሄዳ ቀረች» ይላሉ። እስከ ዛሬ 63 ስም ጽፌያለሁ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሕይወት የሉም። አያቴ ከሌሉ ካሴቱ ቢተርፍም ስሞቹ ይጠፉ ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ የደብተር ሥራ ከመቅዳቱ ሥራ አያንስም፤ መሣሪያም አይፈልግም።

እንግዲህ የተወደዳችሁ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች፣ በዚህ ክረምት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የሚከተለውን እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። በቤታችሁ ካሴት እንዳለ ጠይቁ፤ በላዩ የተጻፈውን ጽፋችሁ ያዙ። በመስኮቱ በኩል ነጭ ነገር ካያችሁበት በማናቸውም ዴክ ውስጥ እንዳይገባ አድርጉ። ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቃችሁ እንደ መጽሐፍ በቁሙ አስቀምጡት። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ፤ እርስዋ ከተሰበረች በላዩ ሌላ ነገር በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ የየት አገር እንደ ሆነ ለሚቀዳላችሁ ሰው ንገሩ፤ ተበላሸ የተባለው ደኅና ሊሆን ይችላልና። ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱን አስፈቅዱ። በካሴት ውስጥ ያለው ሰው ሲቀረጽ ለቤተ ሰቡ እንጂ ለዓለም አልተናገረምና የተቀዳውን ሁሉ በየስልኩ መበተን አይገባም። የአጎቴን ካሴት ከቤተ ሰባችን በቀር ያየው የለም፤ ይህንንም የጻፍሁት አያቴን አስፈቅጄ ነው።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። በካሴት ነገር ግን አባባሉን ጥቂት መለወጥ ያስፈልጋል፤ ሳይረጥብ በደረቁ፣ አያቶቻችንም ሳሉ በዐይናቸው እያዩ፣ ስሙንም እየነገሩን መገልበጥ ይሻላል።